ለእንጀራ ምጣድ ባለ ስንት ሽቦ? የቤት ሽቦ አመራረጥ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች

ምጣዱ ግሎ አምስተኛው እንጀራ ላይ ሲደረስ ብሬከሩ ይወርዳል። ይመልሱታል። ሁለት እንጀራ ይወጣና እንደገና ይወርዳል። ሊጡ እየኮመጠጠ ነው፤ ስለዚህ ከሰፈሩ "መብራት ይችላል" የተባለ ልጅ ይጠራል። ልጁ ባለ 16 አምፔሩን ብሬከር ነቅሎ ባለ 32 ይተክላል። ከዚያ ወዲያ ብሬከሩ አይወርድም። ቤተሰቡም ተገላገልን ይላል። ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ያው የድሮው ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው እሱን ነበር። አሁን ጠባቂ የለውም።

ደሴ ውስጥ ብዙ ቤት በጭቃና በባሕር ዛፍ የተሠራ ነው። ሽቦው የሚያልፈው በእንጨት ላይ ነው። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሞቅ መጀመሪያ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ራቁቱን የቀረው መዳብ አጠገቡ ያለውን ያገኛል። አጠገቡ ያለው ደግሞ ዓመታት የደረቀ እንጨት ነው። የሽቦ ውፍረት ጉዳይ ላይ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው።

ይህን የጻፍኩት ቤት ለሚሠራ፣ ለሚያድስ፣ ወይም ጓሮው ላይ ሰርቪስ ሠርቶ ለሚያከራይ ሰው ነው። ሱቅ ገብታችሁ ምን እንደምትጠይቁ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ይዞት የመጣው ሽቦ ልክ መሆኑን እንዴት እንደምታዩ ያግዛችኋል። ማገናኘቱና መፈተሹ የባለሙያ ሥራ ነው። ከቆጣሪው ወደ ምሰሶው ያለውን መስመር ደግሞ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኛ በቀር ማንም አይንካው።

አንደኛ፦ ዕቃዎቻችሁን ጻፉ

ወረቀት ያዙ። አሁን ቤት ያለውን፣ በሚቀጥሉት ዓመታትም ልትገዙት ያሰባችሁትን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ጻፉ። ከጎኑ ዋቱን አስፍሩ። ዋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ጀርባ ወይም ሥር ተለጥፏል።

ካልተገኘ በግምት እንሂድ። ኤልኢዲ አምፖል 9 ወይም 12 ዋት ነው። ቴሌቪዥን 100 አካባቢ፣ ፍሪጅም ሲሠራ 150 አካባቢ ነው፤ ፍሪጅ ሲነሳ ግን ለቅጽበት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል። ካውያ ከ1000 እስከ 2000፣ የውሃ ማፍያ ከ1500 እስከ 2000፣ ስቶቭ በአንድ ማብሰያው ከ1000 እስከ 2000። ታንከር ያለው የሻወር ቦይለር ከ1500 እስከ 2000። ውሃው ሲከፈት ወዲያው የሚያሞቀው ትንሹ የሻወር ማሞቂያ ግን እስከ 5500 ይደርሳል፤ መጠኑን ያየ ሰው አይገምተውም። የእንጀራ ምጣድ አብዛኛው ከ3500 እስከ 4000 ነው። እዚሁ አገር የተሠራ ምጣድ ብዙ ጊዜ ምንም አልተጻፈበትም። እንዲህ ከሆነ 3800 ብላችሁ ያዙ።

አሁን ዋቱን ለ220 አካፍሉ፤ አምፔሩን ታገኛላችሁ። አብሽሩ፣ ሒሳቡ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለምጣዱ 3800 ÷ 220 = 17.3 አምፔር። ለ5500 ዋት ሻወር 25 አምፔር። ለአሥር አምፖል ግን ግማሽ አምፔር አካባቢ ብቻ።

ምጣዱን ለብቻው የምመለከተው በትልቅነቱ ብቻ አይደለም። የውሃ ማፍያ አምስት ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል። ምጣድ አንድ ሰዓት፣ ለበዓል ደግሞ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሳያርፍ ይሠራል። ሽቦ ደግሞ የሚሞቀው ቀስ በቀስ ነው። በአምስት ደቂቃ የማይታይ ድክመት በሁለት ሰዓት ይወጣል።

የብሬከሩ ጠባይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ባለ 16 ብሬከር 17.3 አምፔር ሲያልፍበት ወዲያው አይቆርጥም። ደረጃውን የጠበቀ ብሬከር ከተጻፈበት እስከ 13 በመቶ የበለጠውን ለአንድ ሰዓት እንዲሸከም ተደርጎ ነው የሚሠራው። ምጣዱ የሚያልፈው በ8 በመቶ ገደማ ነው። የብሬከሮቹ ሳጥን ውስጥ ጎረቤት ብሬከሮች ሲሞቁ፣ አየሩም ሲሞቅ ግን ቶሎ ይወርዳል። አንዳንድ ቀን ችሎ ውሎ አንዳንድ ቀን የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። ብሬከሩ አልተበላሸም፤ ከልኩ በላይ እየተጠየቀ ነው።

ሁለተኛ፦ መስመሮቹን ለዩ

አምፖሎች ለብቻ። የመኝታና የሳሎን ሶኬቶች ለብቻ። የማድ ቤት ሶኬቶች ለብቻ። ምጣድ፣ ስቶቭና ፈጣን የሻወር ማሞቂያ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መስመርና የራሳቸው ብሬከር ይኑራቸው። አንዱ ሲበላሽ ቤቱ በሙሉ አይጨልምም፤ ችግሩ የት እንዳለም ወዲያው ይታወቃል።

ሦስተኛ፦ ሽቦውን ምረጡ

ሱቅ ውስጥ "ባለ 1.5"፣ "ባለ 2.5" የሚባለው የመዳቡ የተቆረጠ ፊት ስፋት ነው፣ በካሬ ሚሊ ሜትር። በላስቲክ የተሸፈነ የመዳብ ሽቦ፣ በቱቦ ውስጥ ለብቻው ግድግዳ ላይ ሲሄድ፣ በዙሪያው ያለው ሙቀት 30 ዲግሪ ሲሆን፣ የሚችለው ይህን ያህል ነው፦

ባለ 1.5፦ 17.5 አምፔር
ባለ 2.5፦ 24 አምፔር
ባለ 4፦ 32 አምፔር
ባለ 6፦ 41 አምፔር
ባለ 10፦ 57 አምፔር
ባለ 16፦ 76 አምፔር

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። "ምጣዱ 17.3 ነው፣ ባለ 2.5ቱ 24 ይችላል፣ በቃ" ይላል። በወረቀት ላይ እውነት ነው። ግን "ለብቻው ሲሄድ" እና "30 ዲግሪ" የሚሉትን ሁለት ነገሮች ዘሏቸዋል። ወደ እነሱ እንሂድ።

አራተኛ፦ ሙቀቱንና መጨናነቁን ቀንሱ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ናት። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ 1850 አካባቢ ትደርሳላችሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ አየሩ ግን ሌላ ነው። ደሴ ላይ ጥላ ውስጥ ባለ ግድግዳ ሽቦው ሠላሳ ዲግሪን ብዙም አያይም። ኮምቦልቻ ላይ ያያል።

በሁለቱም ከተማ ግን አንድ ቦታ አለ፤ ከቆርቆሮው በታች፣ ከኮርኒሱ በላይ። በጋ ላይ እኩለ ቀን አካባቢ እዚያ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ሙቀቱን ያውቀዋል። እንጀራ የሚጋገረውም ብዙ ጊዜ ቀን ነው። ሽቦው ደግሞ አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው በዚያ በኩል ነው።

የላስቲኩ አቅም 70 ዲግሪ ነው። ሽቦው የተቀመጠበት ቦታ ራሱ ከሞቀ፣ ለሽቦው የቀረው ጉልበት ያንሳል። በ40 ዲግሪ ላይ ከላይ የጻፍናቸውን ቁጥሮች በ0.87 አባዙ። በ50 ዲግሪ በ0.71። ለደሴ ኮርኒስ 40 ዲግሪን እይዛለሁ። ኮምቦልቻ ቆርቆሮው ዝቅ ያለ ቤት ከሆነ 50ውን መያዝ አይቆጭም።

ሁለተኛው ነገር መጨናነቅ ነው። በአንድ ቱቦ ውስጥ ሁለት መስመር ከሄደ በ0.8፣ ሦስት ከሄደ በ0.7 አባዙ። አንዱ ሌላውን ያሞቀዋልና። ቱቦ ለመቆጠብ ሁሉንም ሽቦ በአንድ ላይ ማጎር የተለመደ ነው፤ የሚቆጠበው ትንሽ ነው፣ የሚጎዳው ብዙ።

አሁን የምጣዱን መስመር እንሥራው። ከአንድ የሶኬት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ፣ በኮርኒስ በኩል፣ ደሴ ላይ። ባለ 2.5፦ 24 × 0.87 × 0.8 = 16.7 አምፔር። ምጣዱ 17.3 ይፈልጋል። አልቻለም። ባለ 4፦ 32 × 0.87 × 0.8 = 22.3። ቻለ፤ ባለ 20 ብሬከርም ይቀበላል።

ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ሳያሰላ "ለምጣድ ባለ 4 አምጡ" የሚላችሁ በልምድ እዚሁ ስለደረሰ ነው። ኮምቦልቻ ላይ 50 ዲግሪን ብንይዝ ባለ 4ቱ 32 × 0.71 × 0.8 = 18.2 ይሆናል። ምጣዱን ይችላል፣ ባለ 20 ብሬከሩን ግን አይመጥንም። እንዲህ ከሆነ የምጣዱን መስመር በራሱ ቱቦ አስኪዱት፤ ያን ጊዜ 22.7 ይሆናል። ወይም ባለ 6 ግዙ።

አምስተኛ፦ ርቀቱን ለኩ

ደሴ ዳገት ናት። ምሰሶው መንገድ ላይ፣ ቤቱ ወደ ጦሳ ተራራ በኩል ሽቅብ። ማድ ቤቱ ደግሞ ከዋናው ቤት ጀርባ። ከቆጣሪው ተነስቶ ምጣዱ ጋ እስኪደረስ 25 እና 30 ሜትር መሄድ ብርቅ አይደለም። ሽቦ በረዘመ ቁጥር መንገድ ላይ ቮልት ይጠፋል።

ለነጠላ ፌዝ፣ ማለትም ለተራው የቤት 220 ቮልት መስመር፣ በመዳብ ሽቦ የምጠቀምበት ሒሳብ ይህ ነው፦ ርዝመቱ በሜትር × አምፔሩ × 0.045 ÷ የሽቦው ካሬ ሚሊ። መልሱ መንገድ ላይ የሚቀረው ቮልት ነው። ርዝመቱን አንድ ጊዜ ብቻ ቁጠሩ፤ መመለሻው በ0.045 ውስጥ ገብቷል።

25 ሜትር፣ 17.3 አምፔር። በባለ 2.5 ሽቦ 7.8 ቮልት ይጠፋል። በባለ 4 ደግሞ 4.9። በባለ 6፣ 3.2። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ልክ ከቆጣሪው እስከ መጨረሻው ሶኬት 5 በመቶ፣ ማለትም 11 ቮልት፣ ለአምፖል ደግሞ 3 በመቶ ነው። ይህ ግን ጠቅላላው ነው። ከቆጣሪ እስከ ሳጥኑ የጠፋውንም ደምሩበት።

7.8 ቮልት ትንሽ ይመስላል። የምጣድ ሙቀት ግን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በእጥፍ ያህል ይወርዳል። ቮልቱ 3.5 በመቶ ሲቀንስ ሙቀቱ 7 በመቶ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ወደ 135 ዋት የሚሆነው ምጣዱ ጋ ሳይደርስ ግድግዳ እያሞቀ ያልቃል፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥረዋል።

ማታ ማታ ደግሞ ከመንገዱም ቮልቱ ዝቅ የሚልበት ሰፈር አለ። ሶኬቱ ላይ 190 ቮልት ብቻ ከደረሰ 3800 ዋት የተባለው ምጣድ የሚሠራው በ2800 አካባቢ ነው። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይዘገያል፣ ይደርቃል። ጋጋሪዋ ሊጡን ትወቅሳለች፤ ሊጡ ምንም አላጠፋም። ከመንገድ የሚመጣውን ቮልት እናንተ አታስተካክሉትም። ከቆጣሪው ወዲህ የሚጠፋውን ግን ወፍራም ሽቦ በመግዛት ታስቀራላችሁ። ማድ ቤታችሁ ከ20 ሜትር በላይ ከራቀ ባለ 6 መግዛት ያዋጣል ብዬ አምናለሁ።

ስድስተኛ፦ ብሬከሩን ለሽቦው ልክ አድርጉ

ደንቡ አንድ ነው። ዕቃው የሚፈልገው አምፔር ከብሬከሩ አይብለጥ፤ ብሬከሩ ደግሞ ሽቦው ከተቀነሰለት በኋላ ከሚችለው አይብለጥ። ብሬከሩ ሁልጊዜ መሐል ላይ ነው።

ለአምፖል መስመር ባለ 1.5 ሽቦና ባለ 10 ብሬከር። ለተራ ሶኬቶች ባለ 2.5 ሽቦና ባለ 16። ለምጣድ ባለ 4 ሽቦና ባለ 20። ለ5500 ዋት ሻወር ባለ 6 ሽቦ በራሱ ቱቦና ባለ 32፤ በኮርኒስ በኩል ካለፈ 41 × 0.87 = 35.7 ይሆናልና ይችላል። የኮምቦልቻውን 50 ዲግሪ ከያዛችሁ ግን 29 ብቻ ይቀረዋል፤ ያን ጊዜ ወደ ባለ 10 ውጡ፣ ወይም ቱቦውን ከኮርኒስ አውርዳችሁ በግድግዳ አስኪዱት።

ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ መጀመሪያ ዕቃዎቹን ንቀሉ። ምንም ሳይሰካ ከወረደ መስመሩ ውስጥ ሾርት ወይም የተበላ ላስቲክ አለ። አንድ ዕቃ ሲሰካ ወዲያው ከወረደ ዕቃው ነው። ከቆየ በኋላ ከወረደ ጭነቱ በዝቷል፣ ወይም ብሬከሩ ላይ ያለው ብሎን ላልቷል። ብሬከሩን በትልቅ መቀየር የሚፈቀደው ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ወፍራም መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ሳጥኑ ጋ ባለ 4 ታይቶ ከስካቶላው (ሽቦ ከሚቀጠልበት ትንሽ ሳጥን) ወዲያ ባለ 1.5 የሆነ መስመር አለ። ስለዚህ ስካቶላዎቹ ይከፈቱ፣ ይታዩ።

ተራው ሶኬትና ስፒናም የሚችሉት 16 አምፔር ነው። 17.3 ለሁለት ሰዓት ሲያልፍባቸው ይጠቁራሉ፣ ይቀልጣሉ። ምጣዱን ባለ 20 ወይም ባለ 32 አምፔር ማብሪያ ማጥፊያ አድርጋችሁ በቀጥታ አስገጥሙት፤ ሁለቱንም ሽቦ፣ ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ፌዙንም፣ የሚመልሰውን ኒውትራሉንም፣ የሚቆርጥ ይሁን። ነቅሎ መውሰድ ግድ ከሆነ ባለ 32 አምፔር ክቡን ስፒናና ሶኬት ተጠቀሙ። ዲቫይደር ላይ ምጣድ አይሰካም። የብዙው ዲቫይደር ገመድ ባለ 0.75 ወይም ባለ 1 ነው፤ የመጀመሪያው 6፣ ሁለተኛው 10 አምፔር ነው የሚችለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከምጣዱ ሥር የሚወጣው ገመድ ከጋለው አካል ጋር ከተነካካ ተራ ላስቲክ አይችልም። ሙቀት የሚቋቋም ልባስ ያለው ገመድ ይደረግለት። ያለው ገመድ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚሰበር ከሆነ፣ ወይም ነጩ ወደ ቡናማ ከተለወጠ፣ ጊዜው አልፏል።

ሰባተኛ፦ የመሬት ሽቦ

ይህን ለመቆጠብ የሚሞክር ሰው ሁሉ ያሳዝነኛል። የምጣዱ ማቀፊያ ብረት ነው፣ የማድ ቤቱ ወለል እርጥብ ነው፣ የጋጋሪዋ እጅ በሊጥ የራሰ ነው። ውስጡ ያለው ጥቅልል አንድ ቦታ ቆዳውን ከነካ ብረቱ ይነዝራል። የመሬት ሽቦ ካለ ግን የፈሰሰው ኤሌክትሪክ አብዛኛው በእሱ በኩል ወደ መሬት ይሄዳል።

ቢጫና አረንጓዴ ያለበት ሽቦ ለመሬት ብቻ ነው፤ ለሌላ አይውልም። ውፍረቱ እስከ ባለ 16 ድረስ ከፌዙ ጋር እኩል ይሁን። ሲገዙም ሦስት ሽቦ ነው የሚቆጠረው፤ ፌዝ፣ ኒውትራል፣ መሬት። 25 ሜትር ርቀት ማለት 75 ሜትር ሽቦ ነው።

የመሬት ሽቦው የሚያያዝበት፣ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ዘንግ የሚተከለው እርጥበት በሚያገኝ ቦታ ነው። ጨውና ከሰል መቅበር የተለመደ ነው፤ ጨው ግን በክረምት ዝናብ እየታጠበ ይሄዳል፣ ዘንጉንም ይበላዋል። ተተክሎ ሲያልቅ ባለሙያው በመሣሪያ ይለካው፤ በዓይን አይታወቅም። በዚያ ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሚል የመፍሰስ መቁረጫ፣ አርሲዲ የሚባለውን፣ ለማድ ቤትና ለሻወር መስመር አስገቡ። ሰው ሲነዘር በቅጽበት የሚቆርጠው እሱ ነው። ተራው ብሬከር ለዚያ አልተሠራም።

ስምንተኛ፦ ከቆጣሪ እስከ ሳጥኑ

ሁሉም ዕቃ በአንድ ጊዜ አይሠራም። አብረው ሊሠሩ የሚችሉትን ከፍተኛ ብቻ ደምሩ። ምጣድ 3800፣ አንድ ስቶቭ 2000፣ ካውያ 1500፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና አምፖሎች 500 ብንል 7800 ዋት፣ ማለትም 35.5 አምፔር ነው። ባለ 40 ዋና ብሬከርና ባለ 10 ሽቦ ይበቃል። ፈጣን ሻወር ካለ ግን 25 አምፔር ይጨመራል። ያን ጊዜ ወይ ሻወሩና ምጣዱ አብረው እንዳይሠሩ ይደረጋል፣ ወይ ባለ 16 ሽቦ፣ ምናልባትም ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያስፈልጋል። የተፈቀደላችሁን ኃይል ከአገልግሎቱ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ወፍራም ሽቦ የቆጣሪውን ልክ አያሳድግም።

ከምሰሶ የሚመጣው ሽቦ ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየምና መዳብ እንዲሁ ተጠማዘው በናስትሮ ከተጠቀለሉ ይዝጋሉ፣ ይላላሉ፣ ይሞቃሉ። ለሁለቱ የተሠራ ማያያዣ አለ፤ እሱ ይግባ።

ግቢያቸው ውስጥ ቤት ለሚያከራዩ ሰዎች ይህን ልንገር። አራት ክፍል በአንድ ባለ 2.5 ሽቦ ተቀጥሎ አየሁ ማለት ለደሴ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። እያንዳንዱ ተከራይ 1500 ዋት ስቶቭ ከሰካ 6000 ዋት፣ 27.3 አምፔር ነው፤ ባለ 2.5ቱ በጥሩ ቀኑም 24 ነው። 20 ሜትር ከሆነ ባለ 6 አስኪዱ፤ የሚጠፋው 4.1 ቮልት ነው። ለየክፍሉ በር ላይ የራሱ ባለ 10 ብሬከር ይኑር። አንዷ ተከራይ ምጣድ ልግዛ ካለች ግን፣ በስቶቯ ፋንታ ብትሰካው እንኳ ድምሩ ወደ 38 አምፔር ይወጣልና፣ በኮርኒስ በኩል ሲያልፍ 35.7 ብቻ የሚችለው ባለ 6ም አይበቃም። ከመከልከል በፊት ለምጣድ የሚሆን አንድ የጋራ መስመር ማውጣት ይሻላል። ሰው እንጀራ ሳይጋግር አይኖርም።

ዘጠነኛ፦ ሱቅ ስትገቡ

የተጻፈውን አንብቡ፤ ከዚያ ለኩ። ባለ 2.5 ማለት 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት አይደለም። ነጠላ መዳብ ከሆነ፣ ላስቲኩን ልጣችሁ በካሊፐር ስትለኩት ባለ 1.5ቱ 1.38፣ ባለ 2.5ቱ 1.78፣ ባለ 4ቱ 2.26 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ውፍረቱን በራሱ አባዝታችሁ በ0.785 ብታባዙት ካሬ ሚሊውን ይሰጣችኋል። ባለ 2.5 ተብሎ 1.6 ከመጣ፣ የያዛችሁት ባለ 2 ነው። ብዙ ክር ከሆነ የአንዱን ክር ለክታችሁ ካሬ ሚሊውን በዚሁ አስሉ፤ ከዚያ በክሮቹ ብዛት አባዙ። ባለ 6፣ 7 ክር ካለው፣ አንዱ ክር 1.04 አካባቢ ነው።

ካሊፐር የለኝም ለሚል፣ ሚዛን የሌለበት ገበያ የለም። 100 ሜትር ባለ 2.5 ሽቦ ውስጥ ያለው መዳብ ብቻ 2.2 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከላስቲኩ ጋር ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ባለ 1.5ቱ መዳቡ 1.3 ኪሎ፣ ባለ 4ቱ 3.6 ኪሎ ገደማ። ጥቅሉ በእጅ ሲያዝ ከቀለለ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ሜትሩ ጎድሏል፣ መዳቡ ቀጥኗል፣ ወይም ውስጡ አልሙኒየም ሆኖ ከላይ መዳብ ተቀብቷል።

የመጨረሻው ክፉ ነው። ጫፉን በቢላ ፋቁት። እውነተኛ መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው፤ የተቀባው ሥሩ ነጭ ይወጣል። ደጋግማችሁ እጠፉት፤ አልሙኒየሙ ቶሎ ይሰበራል። ማግኔትም አስጠጉ፣ ከተሳበ ውስጡ ብረት ነው። ባለሱቁ ለማስፋቅ ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሱቅ ሂዱ፤ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ስትሄዱ ሌላ ታገኛላችሁ።

አሥረኛ፦ ልስኑ ከመግባቱ በፊት

ወፍራም ሽቦም ቢሆን በላላ ቅጥያ ይቃጠላል። ቅጥያ ሁሉ ስካቶላ ውስጥ ይሁን፣ በብሎን ወይም በመቆንጠጫ ማያያዣ ይጥበቅ፤ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ ግድግዳ ውስጥ አይቀበር። ለምጣዱ መስመር ከተቻለ ከሳጥኑ እስከ ማብሪያው አንድም ቅጥያ አይኑር። ቱቦውም ከግማሹ በላይ አይሞላ፤ ሽቦ ሲሳብ የሚላጠው በግድ ሲገባ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ ሲጨርስ ዋናውን አጥፍቶ እያንዳንዱን ብሎን በካቻቢቴ ዳግም ያጥብቅ። ከዚያ ልሳኝ ሳይገባ በስልካችሁ ግድግዳዎቹን በየክፍሉ ፎቶ አንሱ፤ ቱቦው በየት እንደሄደ፣ ስካቶላው ከወለል ስንት ሜትር ላይ እንዳለ እንዲታይ ሜትሩን ዘርግታችሁ አንሱት። በአንድ ወረቀት ላይ ደግሞ ብሬከሮቹን በተርታ ጻፉ፦ የትኛው የምን እንደሆነ፣ ባለ ስንት ሽቦ እንደገባለት፣ መቼ እንደተሠራ። ወረቀቱን በሳጥኑ በር ውስጥ ለጥፉት። ነገ ብሬከር ሊቀይር የሚመጣ ሰው መጀመሪያ እሱን ያንብብ።